ለሰባት ወር ሕፃን የፍራፍሬ ጭማቂ ይሰጣል? ከመቼ ጀምሮ፣ እንዴትስ?

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ሕፃን እናት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጄ ሰባት ወር ሞላት። ስድስት ወር እስኪሞላት ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ሌላ ነገር አልቀመሰችም፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት የምጥን ዱቄት ገንፎ፣ ከሰዓት በኋላ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች ከካሮት ጋር፣ አልፎ አልፎም እንቁላል ትበላለች። እኔ ወደ ሥራ ስለተመለስሁ ቀኑን የምትውለው ከአማቴ ጋር ነው። አማቴ ልጅ በመያዝ ረገድ እጃቸው የተባረከ ነው፣ ያለ እርሳቸውም ሥራዬን መቀጠል ባልቻልሁ ነበር፤ ሆኖም በአንድ ጉዳይ ላይ ልንስማማ አልቻልንም።

እርሳቸው ልጆቻቸውን ሁሉ ገና በአራት ወራቸው ብርቱካን እየጨመቁ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እያቀጠኑና ጥቂት ስኳር ጣል እያደረጉበት በጡጦ ያጠጧቸው እንደነበር ይናገራሉ። ይህንንም ያደረጉት ከራሳቸው አንስተው ሳይሆን በጊዜው ይሄዱበት የነበረው ክሊኒክ ያዘዛቸውን ተከትለው ነው። አሁን ለልጄ ብርቱካኑ እንዲጀመርላት ይፈልጋሉ፤ «ደም እንዲሆናት» ደግሞ የቀይ ሥርና የካሮት ጭማቂ ቢጨመርላት መልካም ነው ይላሉ። በቅርቡ የወለዱ የሥራ ባልደረቦቼ በበኩላቸው ጭማቂ አንድ ዓመት ሳይሞላ እንደማይሰጥ ነግረውኛል፤ ምክንያቱን ግን በግልጽ ያስረዳኝ የለም። ምክንያቱን ሳላውቅ ልጆቻቸውን በደኅና ያሳደጉ እናትን «ይተዉት» ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ የምታውቁ እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። ጭማቂ የሚጀመረው ከስንት ወር ነው? እቤት የተጨመቀው ከታሸገው ይለያል? በብሌንደር የሚፈጨው የአቮካዶና የፓፓያ ጁስስ ከዚሁ ይቆጠራል? ዕድሜዋ ሲደርስ በምን ያህል መጠን፣ በምንስ ዕቃ ቢሰጣት ይሻላል?

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ፣ አዲስ አበባ

የተከበሩ ጠያቂ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ጤናማ ሕፃን የፍራፍሬ ጭማቂ አያስፈልገውም፤ በዚህ ረገድ እቤት በተጨመቀውና በታሸገው መካከል ልዩነት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን እንዲቀጥል ይመክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላሉ ሕፃናት ስኳር የገባበት መጠጥ እንዳይሰጥ፣ ሙሉ በሙሉ ከፍራፍሬ የተጨመቀውም ቢሆን እንዲገደብ አስፍሯል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቀድሞ ወሰኑን ስድስት ወር ላይ አድርጎት የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አሥራ ሁለት ወር አሳድጎታል። ባልደረቦችዎ የሰሙት ይህንኑ ነው።

ምክንያቱን ለጠየቁት፣ ዋናው ጉዳይ ጭማቂ መርዝ ስለሆነ ሳይሆን የሌላውን ምግብ ቦታ ስለሚይዝ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ፣ ጡት በሚገባ የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ ማግኘት የሚገባው ኃይል በቀን ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ የቀረውን ጡት ይሸፍነዋል። ሕፃኑ ለዕድገቱ ከምግብ የሚፈልገው ብረት፣ ዚንክ፣ ፕሮቲንና ቅባት ሁሉ በዚህ በጥቂቱ ውስጥ መገኘት አለበት። 120 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ 55 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ከዚያች ድርሻ ከሩብ በላይ ወስዶ የሚሰጠው ግን ውሃ፣ ስኳርና ቫይታሚን ሲ ነው፤ ብረቱና ዚንኩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቅባትም የለውም። ጭማቂ የጠጣች ሕፃን ገንፎዋን ትገፋለች፤ ማታ እናቷ ስትመለስም ጡት በቅጡ አትይዝም። በእድገት መከታተያ ካርዷ ላይ የክብደቷ መስመር ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ጎን መሄድ ሲጀምርና ስለ ቀን ውሎዋ ስንጠይቅ፣ ከመልሱ ውስጥ ጭማቂ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። እግረ መንገዴን፣ ሻይ ከጭማቂም የባሰ ነው፤ ከገንፎውና ከምስሩ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና።

አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት ያህል ብርቱካን ይጨመቃል። ሕፃን ሦስት ብርቱካን አትበላም፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ፊቷን ታዞራለች። አንዱ መካከለኛ ብርቱካን ሦስት ግራም ያህል አሰር (ፋይበር) ሲኖረው፣ በብርጭቆው ጭማቂ ውስጥ የሚቀረው ከአንድ ግራም በታች ነው። ስኳሩ ግን ከነሙሉ መጠኑ ይወርዳል፤ 240 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ምንም ስኳር ሳይጨመርበት 21 ግራም ስኳር ይይዛል፣ ይህም አምስት የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። አማትዎ «ጥቂት ስኳር ጣል» የሚያደርጉት በዚህ ላይ ነው። የጡጦው ነገር ደግሞ ጥርስን ይመለከታል። የፊት ጥርሶች ብቅ የሚሉት በዚሁ በስድስተኛና በሰባተኛው ወር አካባቢ ሲሆን፣ ጡጦ አፏ ውስጥ ይዛ የምትቆይ ሕፃን ስኳሩንና የፍሬውን አሲድ በየደቂቃው ከአዲሱ ጥርሷ ጋር እያገናኘች ነው። በጡጦ ጭማቂ እየጠቡ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ልጆች የላይኞቹ የፊት ጥርሶቻቸው በሁለት ዓመታቸው ቡናማ ሆነው እስከ ድዳቸው ይሸረፋሉ፤ ይህ በልጆች ጥርስ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

ፍሬውን ግን አይከልክሏት። ከስድስት ወር ጀምሮ ብርቱካን መብላት ትችላለች። ብርቱካኑ ከነልጣጩ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይላጥና ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ፍላጅ በቢላ ጫፍ ጀርባው ላይ ይሰነጠቅና በዙሪያው ያለው ስስ ቆዳ ይገፈፋል፤ በውስጡ ያሉት ዘሮች አንድ በአንድ ይለቀማሉ። የቀረው ለስላሳ ሥጋው ሳሕን ላይ በማንኪያ ጀርባ ይደፈጠጥና ለብቻው ወይም በገንፎው ላይ ተጨምሮ ይቀርብላታል። በገንፎው ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በጤፍ፣ በምስርና በባቄላ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት በቀላሉ የማይገኝ ዓይነት ሲሆን፣ በአንድ ማዕድ አብሮት የሚበላ ቫይታሚን ሲ እንዲወሰድ ይረዳዋል። አማትዎ ከብርቱካኑ የሚጠብቁት ጥቅም በሙሉ እዚህ አለ።

ወደ ቀይ ሥሩ ልምጣ፤ ስለዚህ ሳይጠየቅ የሚውል ቀን የለም። የቀይ ሥር ጭማቂ ደም ይሆናል የሚባለው ከመልኩ የተነሣ ይመስለኛል። 100 ግራም ቀይ ሥር ያለው ብረት አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከሰባት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለች ሕፃን የሚመከረው ደግሞ በቀን 11 ሚሊ ግራም ነው። ቀይ ሥር፣ ካሮትና ቆስጣ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ስላላቸው፣ እቤት ተዘጋጅተው ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን ቢሰጡ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርጉ ይችላሉ። ልጅዎ ከዚያ ዕድሜ ስላለፈች ተቀቅሎ የተፈጨ ቀይ ሥር ከድንች ጋር በማንኪያ ብትቀምስ አይከፋም፤ በማግሥቱ ዳይፐሯ ቀልቶ ቢያገኙት አይደንግጡ። ደም እንዲሆናት ከተፈለገ ግን በደንብ በስሎ የተፈጨ ሥጋ ወይም ጉበት በትንሹ፣ እንቁላል፣ ምስርና የጤፍ ገንፎ ይሰጣት።

በብሌንደር የሚፈጨው አቮካዶና ፓፓያ ከተጨመቀው ብርቱካን ይለያል፤ ፍሬው እንዳለ ስለሚፈጭ አሰሩ አይጣልም፣ አቮካዶው ደግሞ ሕፃን የሚያስፈልጋትን ቅባት ይሰጣታል። ውሃም ስኳርም ሳይገባበት ወፈር እንዳለ በማንኪያ ከተሰጣት ምግብ እንጂ መጠጥ አይደለም፤ ለሰባት ወር ልጅም ይስማማል፣ ለዚያውም ያለ ብሌንደር በሹካ ቢደፈጠጥ ይበቃዋል። ከጁስ ቤት የሚገዛውን ስፕሪስ ግን አይስጧት። ስኳር ወይም ሽሮፕ ይገባበታል፣ አንዳንዱ ቤት ከላዩ ቪምቶ ያፈስበታል፤ ውሃውና በረዶው ከየት እንደመጣ፣ ብሌንደሩ በምን እንደታጠበ ደግሞ ገዢ የሚያይበት መንገድ የለም። ስኳሩን በማር ልተካ የሚሉ እናቶችም አሉ፤ ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም የሚባለውን ነርቭ የሚያሽመደምድ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም።

መልስ፦ የሥነ ምግብ መምህር፣ ጎንደር

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው አማትዎ የተናገሩት ከየት እንደመጣ ነው፤ ክሊኒኩ እንዲህ አዝዞኛል ማለታቸው እውነት ነውና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በተለይ ኑሯቸው ደኅና በሆነ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ጡት ሳይጠቡ በፈላ የላም ወተትና በፋብሪካ ዱቄት የሚያድጉ ሕፃናት ድዳቸው እየደማ፣ እግራቸው ሲነካ እየጮኹ ይታመሙ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1883 ይህ ሕመም መርከበኞችን የሚገድለው፣ ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው ስከርቪ መሆኑን አሳየ። ወተት ሲፈላ በውስጡ ያለችው ጥቂት ቫይታሚን ሲ ይበልጡን ትጠፋለች፤ ቫይታሚኑ ራሱ ተለይቶ የታወቀው ግን እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አልነበረም። በ1910ዎቹ በኒው ዮርክ ሐኪሙ አልፍሬድ ሄስ ፓስቸራይዝድ የሆነ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመ ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን ሲከታተል የብርቱካን ጭማቂ ሕመሙን እንደሚከላከልና እንደሚፈውስ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ለሕፃን ገና በወራት ዕድሜው ብርቱካን ማጠጣት የሐኪም ትእዛዝ ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ለሕፃናት የብርቱካን ጭማቂ ያከፋፍል ነበር። የጤና ትምህርቱ ከእነዚህ አገሮች በመጡ መጻሕፍት ሲሰጥ ምክሩ አብሮ ወደ እኛም ደረሰ።

ምክሩ በተወለደበት ሁኔታ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ጡት የሚጠባ ሕፃን ቫይታሚን ሲ የሚያገኘው ከእናቱ ወተት ነው፤ የዱቄት ወተቱም ቫይታሚኑ ተጨምሮበት ይመረታል። ስለዚህ ብርቱካኑ ይሞላው የነበረው ጉድለት አሁን የለም። ይልቅ ብርቱካኑን እርስዎ ይብሉት፤ የሚያጠቡት እርስዎ ነዎትና።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

በዚህ በአሜሪካ ያለውን ልጨምር። ብዙዎቻችን ሐበሾች ከወለድን በኋላ የምንጠቀምበት፣ መንግሥት ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ የሚያቀርብበት ዊክ የሚባል ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም በአንድ ወቅት ከአራት ወር ጀምሮ ለሕፃናት ጭማቂ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 በተደረገው ለውጥ አንድ ዓመት ላልሞላቸው የሚሰጠው ጭማቂ ቀርቶ በምትኩ የተፈጨ ፍራፍሬና አትክልት ገባ። በ2024 ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ላሉት ልጆች የነበረው የወር ድርሻ በግማሽ ተቀንሶ ለፍራፍሬና ለአትክልት መግዣ የሚሰጠው ገንዘብ ከፍ እንዲል ተወሰነ።

መጠኑን በተመለከተ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላለው ደግሞ ከ180 እንዳይበልጥ ይላል። ይህ ጣሪያ እንጂ መሙላት ያለበት ግዴታ አይደለም፤ ልጁ ፍሬውን የሚበላ ከሆነ ጭራሽ ባይጠጣ ምንም አይጎድልበትም። የእኛ ሐኪም ይህን ስትነግረን ባለቤቴ «ታዲያ ለምን ይገዛል?» ብሎ ጠየቀ፤ እርስዋም «እኔም አልገዛም» አለችው።

የታሸገ ሲገዙ የፊቱን ሥዕል ሳይሆን ጀርባውን ያንብቡ። «መቶ በመቶ ጭማቂ» የሚለውና «የፍራፍሬ መጠጥ»፣ «ኔክታር» ወይም «ኮክቴል» የሚለው አንድ አይደሉም፤ በኋለኞቹ ውስጥ ውሃና የተጨመረ ስኳር አለ። ለሕፃናት ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውም ዋጋው ይለያል እንጂ ከተራው የፖም ጭማቂ የሚሻልበት ነገር አላየሁም። ሌላው ፓስቸራይዝድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። እዚህ በመከር ወራት ቤተሰቡ ሁሉ ፖም ለመልቀም ወደ እርሻ ሲወጣ ያልተፈላ የፖም ጭማቂ እዚያው ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓስቸራይዝ ባልተደረገ የፖም ጭማቂ ምክንያት በምዕራብ አሜሪካ ብዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሕፃናት፣ ኢ ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ተይዘው አንዲት የ16 ወር ሕፃን ሞታለች፤ ፓስቸራይዝ ያልተደረገ የታሸገ ጭማቂ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት የተደነገገው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠያቂዋ፦ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ያልጠቀስሁት ነገር አለ። ገንፎ ከጀመረች ወዲህ ሆዷ ይደርቃል፤ በሁለት ሦስት ቀን አንድ ጊዜ ፊቷ እስኪቀላ አምጣ ትንንሽ ጠጠር የመሰለ ትወጣለች። አማቴ «ጭማቂ ቢሰጣት ይለቅላት ነበር» ሲሉ መልስ አጣሁ። ለተቅማጥም ቢሆን የፖም ጭማቂ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው?

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ፣ አዲስ አበባ

አማትዎ ስለ ድርቀቱ የተናገሩት መሠረት አለው። በፕሪም፣ በፒርና በፖም ጭማቂ ውስጥ ሶርቢቶል የሚባል፣ አንጀት በቅጡ የማይመጠው ስኳር አለ፤ እርሱም ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ሰገራን ያለሰልሳል። ሐኪሞች ለደረቀበት ሕፃን ከእነዚህ አንዱን በትንሽ መጠን ለጥቂት ቀናት የሚያዙበት ጊዜ አለ፤ የአንድ ዓመቱ ወሰን የሚላላው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ግን እንደ መድኃኒት ተለክቶ፣ ልጅቱን ባየ ባለሙያ ትእዛዝ ነው፤ ሲለቅላትም ይቆማል።

ከዚያ በፊት የሚሞከረው ብዙ ነው። ገንፎው ወፍሮ እንደሆነ ቀጠን ይበል፤ ጡት በብዛት ትጥባ፤ ከምግቧ ጋር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጉንጭ ጉንጭ ያድርጓት። ያልበሰለ ሙዝ ያደርቃልና ለጊዜው ይቅር፤ የበሰለ ፓፓያ ተደፍጥጦ ጠዋት ጠዋት ቢሰጣት አብዛኛውን ጊዜ ይለቅላታል፣ ሶርቢቶሉን ፍለጋ ውድ የታሸገ የፕሪም ጭማቂ መግዛትም አያስፈልግም። ሆዷ ከተነፋ፣ ካስመለሳት፣ በሰገራዋ ላይ ደም ካዩ ወይም ጡት እንቢ ካለች ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩ፤ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

ስለ ተቅማጥ የሰሙት ግን ለልጅዎ አይሆንም። ድርቀቱን የሚያላላው ያው የጭማቂው ስኳር በተቅማጥ ጊዜ ውሃ ወደ አንጀት እየሳበ ያብሰዋል፤ በተቅማጥ የሚጠፋውን ጨውም አይተካም። የሚሰጣት ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውሃ መጠን ልክ ይበጠበጣል፣ ውሃው ከተጻፈው አይነስም አይብዛም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እየተባለ ይሰጣል፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ይቀጠላል። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይታዘዛል፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም የታዘዘው አይቋረጥም። ጡቱ እንዳይቋረጥ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት፣ ከፈዘዘች ወይም ደም ከቀላቀለባት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያያት።

መልስ፦ አባት፣ እስራኤል

ስለ ዕቃው ማንም ስላልመለሰ እኔ የደረሰኝን ልናገር። እዚህ ሕፃናት የሚመዘኑበትና የሚከተቡበት ጢፓት ሐላብ የሚባል ጣቢያ አለ፤ የእኛዋ ነርስ ልጃችን ስድስት ወር ሲሞላው አፉ ክፍት በሆነ ትንሽ ኩባያ ውሃ እንድናለማምደው መከረችን። እኛ ቤት ለዚህ የቡና ሲኒ የሚተካከለው አልተገኘም፤ ትንሽ ነው፣ በውስጡ ከሁለት ጉንጭ ውሃ በላይ ካልተደረገ ቢደፋም አያሳዝንም፣ የከንፈሩም ስፋት ለሕፃን አፍ ልክ ነው። ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የሲኒው ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ እንዲያርፍ ይደረግና ውሃው ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ዘንበል ይደረጋል፤ የቀረውን ራሱ ይስበዋል። አፉ ውስጥ ማፍሰስ ያንቀዋል። ከተሰበረ አደገኛ ነውና ሲኒውን የሚይዘው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ወይም የፕላስቲክ ይፈለግ።

ዓመት ከሞላው በኋላ ጭማቂ ቢሰጥም በዚሁ ዕቃ፣ ከምግብ ጋር በአንድ መቀመጫ ተጠጥቶ የሚያልቅ ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ይዞት እንዲዞር አይሰጠው። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እንዲያውም ጭማቂ አያስፈልግም ካለ በኋላ፣ መስጠት የሚፈልግ ወላጅ አንዱን እጅ በአሥር እጅ ውሃ አቅጥኖ በምግብ ሰዓት ብቻ እንዲሰጥ ይመክራል። እዚህ አገር ያለን ወገኖች ከጭማቂ ይልቅ ሚጽ ፔተል ከሚባለው ቀይ ሽሮፕ ብንጠነቀቅ ይሻላል። ርካሽ ስለሆነ በየልደቱና በየመዋያው ለልጆች ይቀዳል፤ በውስጡ ያለው ግን ፍሬ ሳይሆን ስኳርና ቀለም ነው ማለት ይቻላል።

መልስ፦ አያት፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ ነርሷም መምህሩም ሁሉን ተናግረውታል፤ እኔ ስለ አማትሽ ብቻ ልበልሽ። ይህን ጽሑፍ ይዘሽ ገብተሽ ብታነቢላቸው «በኢንተርኔት አዋረደችኝ» ይላሉ፤ እኔም ብሆን እንዲያ እላለሁ። የዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት ሲደርስ አብረዋችሁ ይሂዱ፤ ሕፃኗን እርሳቸው አቅፈዋት ይግቡና ስለ ብርቱካኑ ነርሷን ራሳቸው ይጠይቁ። የያኔውን ትእዛዝ የሰሙት ከነጭ ጋውን ለባሽ ነው፤ የአሁኑንም ከዚያው ቢሰሙት አይከፋቸውም።

እስከዚያው ድረስ ሁለት ወር አለ፤ ያንንም ዝም ብለሽ አታሳልፊው። ብርቱካኑን ገዝተሽ ግቢና ነርሷ ባለችው መንገድ ከቆዳው አውጥቶ በማንኪያ መመገቡን ለእርሳቸው ስጫቸው። የኛ ትውልድ ሴት እጇ ሥራ ካገኘ ክርክሩን ትተዋለች። ጡጦውን ግን ታጥቦ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይነሣ፤ ዓይን ያየውን እጅ ያነሣዋልና።